የኋላ መስኮት ወይስ የፊት?

የቱሉ ዲምቱን የክፍያ በር አልፋችሁ ወደ አዳማ ስትፈተለኩ አንድ የኋላ መስኮት ብቻ ክፈቱ። ጆሮ የሚደፍን «ዉ-ዉ-ዉ» ይጀምራል። ነፋሱ የመስኮቱን የፊት ጠርዝ ሲለቅ አዙሪት ይፈጥራል። አዙሪቱ ከኋለኛው ጠርዝ ሲጋጭ የግፊት ሞገድ ይነሳል፤ ሞገዱም ተመልሶ ቀጣዩን አዙሪት ይቀሰቅሳል። ይህ ምት መኪናው ውስጥ ካለው አየር የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ሲገጥም ጉድ ይፈላል። በሰከንድ 20 ጊዜ ገደማ ስለሚመታ፣ ከድምፅነቱ ይልቅ ጆሮን መጫኑ ይብሳል። ጠርሙስ አፍ ላይ እንደ መንፋት ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ግን እናንተ አላችሁ!

የፊቱስ? እስፖኪዮውና ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ምሰሶ ነፋሱን ስለሚረብሹት ምቱ ብዙ ጊዜ ደከም ይላል። የነፋሱ ሽውታ ግን አይቀርም። እኔ የፊቱን እመርጣለሁ። ከኋላ የተቀመጡት ካጉረመረሙ ሁለቱንም ገርበብ ማድረግ ነው፤ አየሩ መውጫ ሲያገኝ ምቱ ይፈርሳል።