ለቀበሌያችን የሰብል ባለሙያ ምስጋና፣ ጎመን ዘር ለዘራችሁ ጥቆማ

በሆለታ አካባቢ ጎመን ዘር የምታመርቱ ሁሉ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ የአባቴን ማሳ ከክሽክሽ (የተክል ጭማቂ ከሚመጥ ደቃቅ ተባይ)፣ የጎረቤታችንን ንቦች ደግሞ ከመርዝ ያተረፈችልን የቀበሌያችን የሰብል ልማት ባለሙያ ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም፤ ሥራዋን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ለእኛ ቤት ጎመን ዘር ትልቅ ነገር ነው። ዘይቱም፣ የምጣድ ማሰሻውም፣ የልጆች ደብተርም ከእርሱ ነው። በመስከረም መጨረሻ ማሳው ቢጫ ለብሶ ሳለ ዝናቡ ሲያቋርጥ፣ የአበባው ጫፍ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ በክሽክሽ ተሸፈነ። አባቴ ደነገጡ። ያማከርነው ሰው ሁሉ ቶሎ እንድንረጭ ነገረን፤ መድኃኒት የሚሸጥልንም አላጣንም።

እርሷ ግን ማሳውን ሳታይ መልስ አልሰጠችም። በማግስቱ ጠዋት መጥታ ከዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዘች አቋረጠችው፤ በ10 ቦታ እየቆመች በየቦታው 10 ተክል መረመረች። ክንፍ አውጥቶ የሚመጣ ክሽክሽ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳር ላይ ስለሆነ የዳሩን ለብቻ፣ የመሐሉን ለብቻ መዘገበች። እውነትም ዳሩ ክፉኛ ተይዟል፤ መሐሉ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነበር።

ከዚያ አንድ የአበባ ጫፍ ቀንጥሳ በማጉያ መነጽር ለአባቴ አሳየቻቸው። ከግራጫዎቹ ክሽክሾች መካከል አብጠው የደረቁ፣ የገለባ መልክ ያላቸው ነበሩ፤ በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ክብ ቀዳዳ ይታያል። ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ያድግና ተርብ ሆኖ ቀዳዳውን በስቶ ይወጣል። ቀይ ጥንዚዛዎችም እዚያው ክሽክሹን እየለቀሙ ይበሉ ነበር። ማሳውን በሙሉ ብንረጭ ኖሮ እነዚህ አጋዦቻችን አብረው ባለቁ ነበር። ክሽክሽ ያለ ወንድ እንኳን ስለሚራባ ከመርዙ የተረፈው ጥቂቱ ማሳውን መልሶ ይወርረዋል።

ስለዚህ ዳሩ ብቻ እንዲረጭ ወሰነች፤ ያውም አመሻሽ ላይ፣ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ። ቀፎ ላላቸው ጎረቤታችን ራሷ ሄዳ አስቀድማ ነገረቻቸው። ይህንን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? የመድኃኒቱን መለያ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበችልን፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳናደርግም መርጫውን አላስነካችንም። ከቀናት በኋላ ተመልሳ ያንኑ ቆጠራ ደገመች። መሐሉ አንድ ጠብታ ሳይነካው ፍሬ አቋጠረ። አባቴ ከልባቸው "ዘርተሽ ቃሚ፣ ወልደሽ ሳሚ" ብለው መረቋት።

ሰፊ ቀበሌ በእግሯ እያዳረሰች ነውና የሚመለከታችሁ የወረዳው ኃላፊዎች ሞተር ሳይክል ብትመድቡላት ሺህ ጊዜ ይገባታል።

የቀበሌያችን ሰዎች በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ታገኟታላችሁ። የዘራችሁበትን ቀንና ከዚህ በፊት የረጫችሁትን መድኃኒት ንገሯት፤ የመድኃኒቱ ዕቃ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ቦታ ያላችሁም የቀበሌያችሁን የሰብል ባለሙያ ወደ ማሳችሁ አምጡ። ብቻ ክሽክሹ ዳር ላይ ሳለ ባለሙያውን ጥሩ፤ ፍሬው ከተሸፈነ በኋላ ባለሙያም ቢመጣ ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው።