ኮትስወልድ ወይስ የሃድሪያን ግንብ?

የእንግሊዝን ገጠር በእግር ማየት ካማረህ ሁለት መንገድ ልጠቁምህ። በደቡብ ምዕራብ ያለው የኮትስወልድ መንገድ ከቺፒንግ ካምደን ከተማ እስከ ባዝ ከተማ 164 ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን ያለው የሃድሪያን ግንብ መንገድ 135።

ለመንደር ኮትስወልድን የሚያህል የለም። ቤቶቹ የተሠሩት ማር በሚመስል ድንጋይ ነው፤ የማታ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ወርቅ ይመስላሉ። ጠዋት ከቺፒንግ ካምደን ወጥተህ ብሮድዌይ መንደር ላይ ሻይ ትጠጣለህ። ዳገትና ቁልቁለቱ ግን አያልቅም፣ ጉልበትህ ይመሰክራል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው ጫማህን ይዞ ሊቀር ይደርሳል።

ግንቡ ጋ መንደር ይሳሳል፣ ነፋስ ይበረታል። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ122 የጀመሩት ግንብ ግን መሃል ላይ በገደሉ አናት አብሮህ ይጓዛል። ሁለቱ ጫፎች ያን ያህል አይደሉም።

እኔን ከጠየቅከኝ መጀመሪያ ኮትስወልድ። ሻንጣህን በመኪና ለሚያደርሱት ክፈልና ውሃና የዝናብ ልብስ ብቻ ያዝ።