ጂሲሲ ወይስ ክላንግ? ጅማ ላይ ከምንጭ ኮድ ለሚገነባ ሰው

ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል፣ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ሁለቱንም ኮምፓይለሮች (የተጻፈ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) ገንብቻለሁ።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂሲሲ አጃቢ ይፈልጋል። ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአር እና ኤምፒሲ የተባሉት የሒሳብ ላይብረሪዎች መቅደም አለባቸው፤ የአሴምብሊ ኮድን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው አሴምብለርና ቁርጥራጮቹን አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው ሊንከር ደግሞ ቢንዩቲልስ በሚባል ሌላ ጥቅል ውስጥ ናቸው። ላይብረሪዎቹን የሚያወርደው ስክሪፕት ከምንጩ ጋር ስላለ ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ቀድማችሁ አስወርዱት። እኔን የሚማርከኝ ግን ራሱን 3 ጊዜ መገንባቱ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ኮምፓይለር 1ኛውን ይሠራል፣ 1ኛው 2ኛውን፣ 2ኛው 3ኛውን። ከዚያ የ2ኛውና የ3ኛው ፋይሎች ይነጻጸራሉ፤ ካልተመሳሰሉ ሥራው እዚያው ይቆማል። ጊዜ ይበላል፣ ግን ልብ ያሳርፋል።

ክላንግ፣ ከነሊንከሩ ኤልኤልዲና ከነዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው) ኤልኤልዲቢ፣ ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር መሥሪያ ፕሮጀክት አንድ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ሲሜክና ኒንጃ የተባሉት የግንባታ መሣሪያዎች ካሉ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ፈተናው ራም ነው፦ መጨረሻ ላይ ብዙ ሊንክ ባንዴ ሲጀመር ላፕቶፔ ድርቅ አለ፣ ማውዙ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ሊንክ ብቻ እንዲሠራ ወሰንኩ፣ ዒላማውን (ኮድ የሚያወጣለትን የፕሮሰሰር ዓይነት) ኤክስ86 ብቻ አደረግሁ፣ የግንባታውን ዓይነት ለስህተት ፍለጋ ብዙ መረጃ ከሚይዘው ዲበግ ወደ ቀለል ያለው ሪሊዝ ቀየርኩ፤ አለቀ።

ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ተቆርጦ የቀረ የኦብጀክት ፋይል (ከአንድ የኮድ ፋይል የሚወጣ የማሽን ኮድ) ካለ ግን አጥፉት። ኮምፓይለር እንዴት እንደሚወለድ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ጂሲሲን እመርጥለታለሁ። የራሱን ቋንቋ መሥራት ለሚያስብ ግን ኤልኤልቪኤም።