ደሴ ላይ ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው። ክፉ ቃል ካመለጠኝ ይቅር በሉኝ።

ስሙን አልጽፍም። ፒያሳ አካባቢ ፎቶ የምታነሱ ሁሉ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ውስጥ ሌንስ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ተሰቅሏል፣ ዕቃው ሁሉ “ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ” ነው። ሻይ ይታዘዝልሃል። “አብሽር ወንድሜ፣ እኛ ጋ ችግር የለም።” ካሜራው ወጥቶ በጨርቅ ይወለወላል፣ በር ላይ የቆመው ሰራተኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳና ስክሪኑ ዓይንህ ሥር ይደቀናል። ያምራል። በቀን ብርሃን የማያምር ካሜራ መቼም የለም።

እኔ ግን ለሠርግ አልፈለግኩትም። የፈለግኩት ላይት ፔንቲንግ ለሚሉት ሥራ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ፣ ጨለማ ውስጥ ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ 30 ሰከንድና ከዚያም በላይ ከፍቶ፣ በእጅ ባትሪ አየር ላይ መሳል። ሌላው ሐሳቤ የሐረጎ ቁልቁለት ነበር። ማታ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከባድ መኪኖቹ ጠመዝማዛውን ሲወጡና ሲወርዱ ሻተሩ ክፍት ከሆነ መኪናው ራሱ ይጠፋል፣ የሚመጣው በነጭ የሚሄደው በቀይ መንገዱን እንደ ጥልፍ ይሞላዋል።

ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ስልኬን አውጥቼ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1949 በትንሽ መብራት አየር ላይ ሲስል ጆን ሚሊ ያነሳውን ፎቶ ሳይቀር አሳየሁት። “ኧረ ይሄ ካሜራ ከዚያኛው ይበልጣል!” አለኝ። ምን እንደምሠራበት ጠንቅቆ ገብቶታል ማለት ነው።

ከዚያ የላዩን መዞሪያ ወደ ማንዋል አዙሬ ሰዓቱን 30 ሰከንድ ላይ አደረስኩት። ልጫን ስል ከእጄ ወሰደው። አልነጠቀኝም፤ ሌላ ነገር ሊያሳየኝ ያሰበ ይመስል በትህትና ነው የወሰደው። “እሱ ባትሪ ይጨርሳል፣ ቻርጅ አላደረግነውም።” ይህን ሲለኝ ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ ግን መዞሪያውን ወደ አረንጓዴው ኦቶ እየመለሰው ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ። ወዲያው ሰራተኛውን አንስቶ “እይ እንጂ ጥራቱን!” ልጁም ደረቱን ነፍቶ ፈገግ አለ። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ፈገግታ ስንት ካሜራ እንዳሸጠ እሱ ያውቃል።

38 ሺህ ብር በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ። ደረሰኝ ስል “ሲስተም የለም፣ ነገ ብቅ በል።”

ማታ ሐረጎ ላይ፣ 30 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8። ሰማዩ ደመና ነው። ፎቶው ግን በቀይ፣ በሰማያዊና በነጭ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል፤ ሰማዩም ገደሉም አስፋልቱም። የሌንሱን ክዳን ገጥሜ ደገምኩት። ያው ነጠብጣብ፣ ያው ቦታ ላይ። ሆት ፒክስል ይሉታል፣ ብርሃን ሳይነካው የሚያበራ ነጥብ ማለት ነው፤ የትኛውም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ጥቂት አያጣም፣ ሻተሩ ረጅም ሰዓት ሲከፈትና ካሜራው ሲሞቅ ይበዛል። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ ጣቴ ደንዝዞ ነው የማነሳው፣ ሙቀት የሚባል ሰበብ የለም። ቤት ገብቼ የሻተር ቁጥሩን፣ ማለትም ካሜራው ስንት ጊዜ እንዳነሳ፣ ከፎቶው ፋይል አወጣሁ። ኒኮን ዲ7000 ነው፤ ፋብሪካው ሻተሩን የፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው፣ የእኔው ያንን አልፎ ሄዷል። ስላይትሊ!

ዛሬ ተመለስኩ። ሻይ የለም። “ወንድሜ” ቀርቶ “አንተ ልጅ” ሆኛለሁ። ክዳኑ ተገጥሞ የተነሳውን ፎቶ አሳየሁት። አጎላው፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከዚያ፦

“ኮከብ ነዋ! ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው።”

“ሌንሱ ተከድኖ ነው የተነሳው።”

“ታዲያ ከድነህ ለምን ታነሳለህ?”

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሞዴላችን በር ላይ ሆኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ደግሞ በጨለማ ፎቶ ምን አመጣው? ሰው በቀን አይደል የሚያነሳው?” አለኝ። ዕቃ ሊገዛ የገባ አንድ ሰውዬም አብሮ ሲስቅ አየሁት፤ የነገ ተረኛ እሱ ነው።

ባለሱቁ ሳቁን ሲጨርስ “በኤዲት ይጠፋል፣ ፎቶሾፕ አታውቅም?” አለኝ። አውቃለሁ እንጂ። ብዙ ፎቶ አንስቼ በሌየር እየደረብኩ ላይተን በሚለው ነው የማዋህደው፤ እሱ ከየፎቶው ደማቁን ያስቀራል፣ የመኪናው መስመር ከአንዱ፣ በባትሪ የተሳለው ከሌላው። ነጠብጣቡም ደማቅ ነውና አብሮ ይቀራል። ፎቶዎቹን ለማገጣጠም ትንሽ ፈቀቅ ካደረግኳቸው ደግሞ አንዱ ነጥብ በፎቶዎቹ ልክ ይባዛል። ካሜራው የራሱ ማጽጃ አለው፤ 30 ሰከንድ ካነሳ በኋላ ሻተሩን ዘግቶ ሌላ 30 ሰከንድ ጨለማ ያነሳና ከፎቶው ይቀንሳል። ሞክሬዋለሁ። ነጥቡ ነጭ እስኪሆን ከነደደ ግን ከሥሩ የሚተርፍ ምስል ስለሌለ ቦታው ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል። ካሜራው ሲያጸዳ ደግሞ መኪናው አልፎ ይሄዳል። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ስልኩን አንስቶ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ።

ስወጣ ጠራኝ። “ካልተመቸህ በ15 ሺህ እወስደዋለሁ።” ያው መስታወት ውስጥ መልሶ ሊደረድረው! አልሰጠሁትም።

እናንተ እንግዲህ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ 30 ሰከንድ አንሱና አጉልታችሁ እዩ። ባትሪ የለም ካሏችሁ ሰክቶ እስኪሞላ ተቀመጡ፣ ሻዩ በነሱ ነው። ካሜራው ከእጃችሁ እንዳይወጣ። ደረሰኝ ሳትይዙ አትላኩ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስቀየር ወይም ገንዘብ ለማስመለስ 15 ቀን ይሰጣል። እኔ የባንኩን መልእክትና ሁለቱን ፎቶ ይዤ ሰኞ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ። ከዚያ ሱቅ ገዝታችሁ የተቃጠላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንግባ።