የሊቲየም ባትሪ በጀልባዬ ላይ፦ ከ14 ወራት የጣና ጉዞ በኋላ

አምና ኅዳር ላይ ከመርካቶ ያስመጣሁት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይኸው ጥር ላይ 14 ወር ሞላው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትመላለሰው ጀልባዬ ላይ መብራቱን፣ የውኃ ማስወጫ ፓምፑን፣ የጥልቀት መለኪያውንና የተሳፋሪውን ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ የሚይዘው እሱ ነው። ከመግዛቴ በፊት ያማከርኋቸው ሁሉ ስለ ዋጋውና ስለ ዕድሜው ብዙ ነገሩኝ፤ ስለ ሽቦ ግን የተነፈሰ አልነበረም። እኔ አብዛኛውን የምጽፈው ስለ ሽቦው ነው።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። የቀድሞውን የእርሳስ ባትሪ ለሁለት ተሸክመን ነበር የምናወርደው፤ ይህኛው 11 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ረዳቴ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል። የእርሳሱን ከግማሽ በታች ባወረድሁት ቁጥር ዕድሜውን እበላው ነበር፤ ከዚህኛው አብዛኛውን ጉልበቱን ብጠቀም አይጎዳም። ቻርጅ ሲደረግ የሚነድ ጋዝ አለመልቀቁ ደግሞ ቤንዚን ለሚጫንበት ጀልባ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ከእርሳሱ ሦስት እጥፍ ቢጠጋም አልቆጨኝም።

አሁን ወደ የካቲት 16 ልመለስ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ምእመናንን ከዘጌ ይዘን ስንመለስ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ደርሶብን ነበር። ማዕበሉ ከፊት እየገባ ፓምፑ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ረዳቴ ድንገት ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ፕላስቲክ ሲነድ ይሸተኛል» አለኝ። የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ዘጋሁት። ሞተሩ የራሱ ባትሪ ስላለው ጉዞው አልቆመም፤ ልጁ ግን እስከ ወደቡ ድረስ በግማሽ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ሲቀዳ ደረሰ።

መቀመጫውን ስናነሣ ያገኘነው የፓምፑን ሽቦ መጋጠሚያ ነው። ባትሪውን የገጠመልን ባለሙያ ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቅልሎበት ነበር። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሙጫ ተጣብቋል፤ ሥሩ ያለው መዳብ ከፊሉ አረንጓዴ፣ ከፊሉ ጥቁር ሆኗል። የቤንዚኑ ጀሪካን ከዚያ አንድ ክንድ አይርቅም። ያን ርቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ናስትሮውን ልጠን ፓምፑን በጥንቃቄ አስነሥተን በመለኪያ አየነው። 5 አምፔር እያለፈ እዚያች መጋጠሚያ ላይ ብቻ 1.4 ቮልት ይጠፋል። ሲባዛ 7 ዋት ነው። 7 ዋት ለአንድ ክፍል መብራት ይበቃል፤ እዚህ ግን ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ሙቀት ይሆናል።

ፊውዙስ? የፓምፑ መስመር ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ነበረው፤ ምንም አልሆነም። ፊውዝ የሚቀልጠው ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ ነው። የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ግን ኮረንቲውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ባትሪው ውስጥ ያለው፣ ሻጮች አብዝተው የሚያመሰግኑት መቆጣጠሪያም 5 አምፔር ለእሱ ምንም ስላልሆነ ዝም አለ። ያ መቆጣጠሪያ የሚጠብቀው ባትሪውን ነው፤ ጀልባውን ጠብቅ ተብሎ አልተሠራም።

በማግሥቱ ሽቦውን በሙሉ ነቀልሁት። የቤት ሽቦ ነበር፤ ውስጡ አንድ ወፍራም ዘንግ ስለሆነ በሞተር ንዝረት ውሎ አድሮ ይሰበራል። በብዙ ቀጫጭን ክሮች በተሠራና ቆርቆሮ በተቀባ መዳብ ተካሁት፤ መጋጠሚያዎቹን በማያያዣ ጨምቄ፣ በሙቀት በሚኮማተርና ሙጫ ባለው ሽፋን ዘጋኋቸው። ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ አስቀመጥሁ፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ሊቲየም ኮንታክት ሲፈጠር የሚለቀው ኮረንቲ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ተራ የመኪና ፊውዝ ላያቋርጠው ይችላል። ለዋናው መስመር ከፍተኛ ኮረንቲ እንዲያቋርጥ የተሠራ ፊውዝ ይፈለግ። የእኔ ባትሪ ከነሣጥኑ ሲመጣ ምንም ዓይነት ፊውዝ አልነበረውም፤ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛው ጉድለት በግንቦት ታየኝ። ባለሙያው የሞተሩን ቻርጅ በቀጥታ ከሊቲየሙ ጋር አያይዞት ነበር። አንድ ቀን ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ መቆጣጠሪያው ባትሪውን ቆረጠው፤ መሄጃ ያጣው ኮረንቲ የጥልቀት መለኪያዬን አቃጠለው። አሁን ሞተሩ የራሱን ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ብቻ ይሞላል፤ ሊቲየሙ ደግሞ ጣራው ላይ ካለው ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ፣ በሌላ የቻርጅ መቆጣጠሪያ በኩል ይሞላል። በበጋ እኩለ ቀን 5 አምፔር ያህል ይሰጠኛል፤ በሐምሌ ደመና ግን 1 አምፔር ያገኘሁባቸው ቀናት አሉ። ሌላው ደግሞ የእርሳስ ባትሪ ሲደክም መብራቱ እየፈዘዘ ያስጠነቅቃል፤ ሊቲየም እስከ መጨረሻው ሳይፈዝ ቆይቶ ድንገት ጭልም ይላል። ስለዚህ የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ጨመርሁ።

ክረምቱን ከወደቡ 220 ቮልት በገመድ ስበን ቻርጅ እናድርግ ያሉኝ ነበሩ፤ እንቢ አልሁ። የጣና ውኃ ጨው አልባ ነው። በእንዲህ ዓይነት ውኃ የሰው አካል ከውኃው ይልቅ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ ከተበላሸ ገመድ ያመለጠ ኮረንቲ የዋናተኛውን አካል መንገድ ያደርጋል። ጡንቻው ተሳስሮ ድምፅ ሳያሰማ ይሰጥማል። ልጆች ጀልባ ሥር በሚዋኙበት ወደብ ይህን አላደርግም። ባትሪውን ነቅዬ ቤት ወስጄ እሞላዋለሁ፤ 11 ኪሎ ነው።

ከንዝረቱ የተነሣ የባትሪው ብሎኖች ይላላሉ። በየወሩ መጀመሪያ በቁልፍ እናጠብቃለን፤ ከዚያ ፓምፑን ለአሥር ደቂቃ አስነሥተን እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ እንዳስሳለን። ጠዋት ሞተር ከመነሣቱና ማንኛውም ማብሪያ ከመነካቱ በፊት ደግሞ የቤንዚኑን ቦታ ክፈቱና አናፍሱት፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል።

ባትሪውን ደግሜ እገዛዋለሁ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃው ሰው ግን የእርሳስ ባትሪውን ይዞ ይቆይና ሽቦውን ይቀይር።