ካነን አርኤፍ 100-400 ሌንስ ለጓሮ ወፎች፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ሌንስ ገዝቼ ኢኦኤስ አር10 ካሜራ ላይ የገጠምኩት እዚህ ጀርመን ጓሯችን የሚመላለሱትን ትንንሽ ወፎች አንድ በአንድ ለይቼ ለማወቅ ነው። ብርዱንም ጸደዩንም አብሮኝ አሳልፏል። ለዚህ ሥራ ዛሬም ብሆን እሱኑ እገዛለሁ።

ክብደቱ 635 ግራም ብቻ ነው፤ ከካሜራው ጋር አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ረጅም ሰዓት ቢይዙት ክንድ አያዝልም። የአር10 ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስተኛ በመሆኑ የሌንሱ ትልቁ ማቅረቢያ 400 ሚሊሜትር፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ሰፊ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 640 ሚሊሜትር የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል። ያም ሆኖ ብላውማይዘ (የወፎቹን ስም በጀርመንኛ ነው የምጠራው) 11 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ናት፤ ላባዋ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከአራት አምስት ሜትር አትራቁ።

እኔን የማረከኝ ፎቶው በዓይን የማይያዘውን ማሳየቱ ነው። ጺልፕጻልፕና ፊቲስ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ሁለቱም አረንጓዴ ቢጤ ናቸው፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ለቅጽበት እንኳ አይረጉም። ሲዘምሩ መለየት ቀላል ነው፤ ጺልፕጻልፕ ሁለት ድምፅ እያፈራረቀ ይደጋግማል፣ የፊቲስ ዜማ ግን ወደታች እየወረደ ይጠፋል። ዝም ካሉ እግራቸውን አጉልቼ አያለሁ። የጺልፕጻልፕ ጠቆር ይላል፣ የፊቲስ አብዛኛውን ጊዜ ፈዛዛ ነው። ድንቢጦቹም እንዲሁ ናቸው፤ አናቱ ቡናማ ሆኖ ነጭ ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ፌልድሽፐርሊንግ ነው፣ የሃውስሽፐርሊንግ ወንዱ አናቱ ግራጫ ነው። ሞንሽስግራስሙከ የተባለውን ወፍ ሳነሳ ደግሞ ደስታዬ ይበዛል። ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቀላ ያለ ቡናማ ቆብ አላቸው፤ ይህ ዝርያ ብርዱን ሸሽቶ የኢትዮጵያ ደጋ ላይም ይከርማል።

ካሜራው የወፉን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ከፊት ያለው ጭራሮ ስለሚያታልለው ወደ አንዷ ትንሽ የፎከስ ነጥብ መቀየር ይሻላል።

የሌንሱ ገደብ ብርሃን ነው። 400 ላይ የብርሃን መግቢያው ከኤፍ 8 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል)። ለምትቁነጠነጥ ወፍ ቢያንስ የሰከንድ 1/1000 የመዝጊያ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲደመን ይህን ለማግኘት አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ የላባው ቅንጣትም ይደበዝዛል። የመንቀጥቀጥ መከላከያው የእጃችንን እንጂ የወፉን እንቅስቃሴ አያቆምም። ሮትኬልሸን የሚባለው ወፍ ገና ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ መሯሯጥ ስለሚወድ በጣም የሚፈትነው እሱ ነው። ስለዚህ የሱፍ ፍሬ ያለበትን መመገቢያ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ሰቅያለሁ፣ አጠገቡም ማረፊያ የሚሆን ደረቅ ቅርንጫፍ ተክያለሁ። ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ አነሳለሁ፤ በመስታወት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ጥራት ያጣል።

ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በጥርና በግንቦት ሕዝቡን በሚያሳትፍበት የአንድ ሰዓት የወፍ ቆጠራ ለመካፈል ካሰባችሁ ፎቶው ብዙ ይረዳል፤ የሚመዘገበው በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ከፍተኛ ቁጥር ስለሆነ አንዱን ወፍ ሁለቴ ከመቁጠር ትድናላችሁ።

ሌንሱ ከዝናብ የሚከላከል ማሸጊያ የለውም፣ የፀሐይ መከለያውም ለብቻው ነው የሚገዛው። ጓሯችሁ በትልልቅ ዛፎች የተጋረደ ከሆነ ግን ክብደቱና ዋጋው ቢጨምርም 400 ላይ እስከ ኤፍ 5.6 የሚከፈት ሌንስ ፈልጉ።