ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ፦ የሲኤንኤን ላይት እና የኤንፒአር ቴክስት ገጾች ከጎንደር ሲታዩ

ጎንደር አስጎብኚ ነኝ፣ እንግዶች ስለኛ ምን አንብበው እንደሚመጡ ማወቅ ስላለብኝ የአሜሪካ ዜና ሳላይ አልውልም። ኔትወርኩን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ግጭቱ ሲጀምር የሞባይል ዳታ ተዘግቶብን ስንት ወር ከረምን፣ አሁንም ቪድዮና ፎቶ የበዛበት ገጽ እስኪከፍት ፓኬጁ ያልቃል። ለዚህ ነው እነዚህን ሁለት ገጾች፣ ሲኤንኤን ላይትንና ኤንፒአር የሚባለውን የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ የጽሑፍ ገጽ፣ የምወዳቸው፣ ፎቶ የለ ቪድዮ የለ፣ ርዕሱን ነካ ስታደርጉት ጽሑፉ ከች ይላል። አሜሪካ ውስጥም ብዙ ሰው ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ኢርማ የሚባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ኔትወርክ ለተዳከመበት ሰው ተብሎ ነው። ከአዘዞም ከፒያሳም ሞክሬዋለሁ ቆንጆ ይሰራል። በፍጥነት 5 ከ5።

ይዘቱ ላይ ነው ነገሩ፣ ይሄ ደግሞ የሁለቱ ብቻ አይደለም የአሜሪካ ሚዲያ ጠቅላላ ችግር ነው። የውጭ አገር ዜና የሚሆነው ወይ ጦርነት ሲኖር ወይ ዋሽንግተን እጇ ሲኖርበት ነው በቃ። ጎንደርን ብትፈልጉ በጥር የጥምቀተ ባህሩ በዓል፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ ስንት ዓመት የሚጠብቁት ወገኖቻችን፣ ከዛ ውጊያ። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ፣ ገበያ እንደሚወጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ እንደሚያስመርቅ ማን ይጽፋል? እንግዳው ይሄን ስላላነበበ ነው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ጥይት የሚሆነው። ሱዳንም እንደዛው፣ ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ በመተማ የሚገባውን ሰው እኛ በአይናችን እያየን፣ ተመድ የዓለም ትልቁ መፈናቀል ነው እያለ፣ የአሜሪካ ሚዲያ ላይ ግን ከዩክሬንና ከጋዛ ወዲያ ነው የሚመጣው ያውም ከመጣ።

አንድ ነገር ልምከራችሁ፣ ብዙ ጊዜ ዜናው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈበት ከተማ ስም አለ እሱን እዩ። ስለ ኢትዮጵያ ሆኖ ናይሮቢ የሚል ታገኛላችሁ፣ የኒውዮርክ ታይምስ የምስራቅ አፍሪካ ቢሮ ራሱ እዛ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ግን ለነሱ አልሰጥም፣ ለኒውዮርክ ታይምስ ይጽፍ የነበረ ጋዜጠኛ ግንቦት 2013 ከአዲስ አበባ ተባሯል፣ እያባረርን ለምን ከሩቅ ጻፋችሁ ማለት ይከብዳል። ሁለተኛ የሚያወራውን ሰው እዩ፣ ነዋሪ ነው ወይስ ስሙ ያልተጠቀሰ ባለስልጣን? ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሳሪያ አላት ተብሎ የተጻፈው በዚህ አይነት ምንጭ ነበር፣ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2004 ላይ በቂ ማጣራት አላደረግንም ብሎ አምኗል፣ እስከዛ ግን ጦርነቱ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል።

ለውጭ አገር ዘገባ 3 ከ5 እሰጣለሁ። ሶስቱም ቦታው ድረስ ሄደው ለሚጽፉት ነው፣ አሉ እንደዚህ አይነት ጋዜጠኞች፣ ጽሑፋቸው ሲገኝ ደግሞ ሁለቴ ይነበባል። አስጎብኚ የሆናችሁ ልጆች ሁለቱንም ገጾች ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጓቸው፣ ጠዋት እንግዳ ከመቀበላችሁ በፊት ርዕሶቹን ብቻ እንኳን እለፉባቸው።